ልጄ የምትወደውን ፊልም ታላቅ እህቴ አወገዘችው

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ የሚባለውን የአኒሜሽን ፊልም ጓደኛዋ ቤት አየችው። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ከአፏ አይጠፋም። በቀደም ቤተ ዘመዱ እኛ ጋ ተሰብስቦ ሳለ ከዘመድ ልጆች ጋር ሆና ሳሎን ውስጥ ፊልሙን ከፍተው መዝፈን ጀመሩ። ታላቅ እህቴ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ‹እዚህ ቤት አጋንንት ነው እንዴ የሚጠራው?› ብላ ልጄን በሰው ፊት ተቆጣቻት። ልጄ እያለቀሰች ክፍሏ ገባች። ባለቤቴ ‹ካርቱን አይደለም እንዴ፣ ምን ያካብዳል?› አለ። የእህቴ ልጅ፣ 16 ዓመቷ ነው፣ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አታውቂም ብላ ከእናቷ ጋር ተጨቃጨቀች። ወንድሜ ደግሞ እሱን የሚያሰለቸው ዘፈኑ እንደሆነ ተናገረ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሰው ተበተነ።

እኔን ያሳደገችኝ ይህችው እህቴ ናት። አሜሪካም ያመጣችኝ እሷ ናት። ቃሏን መጣል ይከብደኛል። ልጄ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ክፍሏ ስገባ ታብሌቷን ትገለብጣለች። ፊልሙን እኔ አላየሁትም። ማን ነው ትክክል? ልከልክላት ወይስ ልተዋት?»

ግራ የገባት እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው ስለ ታብሌቱ የጻፍሻት ናት። ፊልሙ ይታይ ወይስ አይታይ ለሚለው መልስ አለኝ፤ እነግርሻለሁ። የ9 ዓመት ልጅ ከእናቷ መደበቅ ስትጀምር ግን ያ ከፊልሙ የሚብስ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለይቼ ልመልስልሽ ብፈልግም አልተለያዩልኝም። ለምን እንደሆነ በኋላ ታዪዋለሽ።

ማን ትክክል ነው ላልሽው፣ እስኪ የዚያን ቀን የተባለውን መለስ ብለሽ አስቢው። እህትሽ የሰማችው የፊልሙን ስም ነው። «ዲመን»፣ ማለትም ጋኔን፣ የምትለዋ ቃል በቅታታለች። ባለቤትሽ ያየው ሥዕሉን ነው። ወንድምሽን የሚደጋገመው ዘፈን ታክቶታል። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ያየችው የእህትሽ ልጅ ብቻ ትመስለኛለች። ሁሉም የተከራከሩት ስለ አንድ ፊልም ነው እንጂ አንድ ነገር አይተው አይደለም። አንቺ ደግሞ ጭራሽ አላየሽውም። ሰው ባላየው ነገር ላይ ፍረድ ሲባል ዝም ከማለት ሌላ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ መጀመሪያ እዪው። ሁለት ሰዓት አይሞላም። ልጅሽ ከተኛች በኋላ ብቻሽን ተቀመጪና ጨርሺው። አብራችሁ ከጀመራችሁ እሷ ስክሪኑን ትታ ያንቺን ፊት ነው የምታየው። ግንባርሽ በተቋጠረ ቁጥር ትሳቀቃለች። ብቻሽን ካየሽው በኋላ ግን ቀን መርጣችሁ አብራችሁ እዩት።

ከማየትሽ በፊት ማወቅ የሚገባሽን ልንገርሽ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ጁን 20፣ 2025 ነው። የሠራው ሶኒ ፒክቸርስ አኒሜሽን ሲሆን ዳይሬክተሮቹ ማጊ ካንግና ክሪስ አፕልሃንስ ናቸው። ካንግ ሴኡል ተወልዳ ካናዳ ያደገች ሴት ናት። የአያቶቿን አገር ተረትና እምነት ከዛሬው የኮሪያ ሙዚቃ ጋር ቀላቅላ ነው ያቀረበችው። እኛ በሰው አገር ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ይገባል እላለሁ። «ጎልደን» የተባለው ዘፈን በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የአሜሪካን የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሠንጠረዥ መርቷል። በዚያው ወር ፊልሙ ለሁለት ቀን ሲኒማ ቤት ገብቶ ሕፃናት ከነወላጆቻቸው አዳራሽ ውስጥ አብረው ዘፍነዋል። በኔትፍሊክስ ታሪክ ከሁሉም ፊልም በላይ የታየውም ይኸው ነው። ይህን የምነግርሽ ብዙ ሰው ስለወደደው ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ከቤትሽ ብታስወጪው በትምህርት ቤት አውቶቡስም በልደት ግብዣም መልሶ እንደሚያገኛት እንድታውቂ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሩሚ፣ ሚራና ዞዪ የሚባሉ ሦስት ወጣት ሴቶች በኮሪያ ዝነኛ ዘፋኞች ናቸው። የቡድናቸው ስም ሀንትሪክስ ነው። ሕዝብ የማያውቀው ሌላ ሥራ አላቸው። የሰው ነፍስ ከሚበሉ አጋንንት ጋር ይዋጋሉ። ድምፃቸውና የሕዝቡ ፍቅር ተባብሮ ሆንሙን የሚባል ጋሻ ይሆናል፤ አጋንንቱ ወደ ሰው ዓለም እንዳይወጡ ያግዳል። ከአጋንንቱ አንዱ፣ ጂኑ የሚባለው፣ ብልሃት ያመጣል። አምስት ሆነው፣ መልከ መልካም ወንዶች መስለው፣ ሳጃ ቦይስ በሚል ስም መዝፈን ይጀምራሉ። የሴቶቹን አድናቂ ሁሉ ይነጥቃሉ።

ሩሚ አባቷ ጋኔን ነበር። ቆዳዋ ላይ ይህን የሚያጋልጥ ምልክት አለባት። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት ሰሊን የምትባል የእናቷ ባልደረባ ናት። ሰሊን ክፉ ሴት አይደለችም። ትወዳታለች። ስለምትወዳትም ምልክቱን እንድትሸፍን፣ ለቅርብ ጓደኞቿ እንኳ እንዳትናገር አድርጋ አሳደገቻት። ሩሚ እጅጌዋን ሳትሰበስብ ትኖራለች። ከጓደኞቿ ጋር ገላዋን መታጠብ እንኳ አትችልም። መደበቁ እያደር ድምፇን ይዘጋባታል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። ልጅሽ እየደጋገመች የምታየው ፊልም፣ ከሚወዷት ሰዎች ለመደበቅ ስለተገደደች ልጅ ነው። እሷም አሁን እየተደበቀች ነው የምታየው።

ወደ እህትሽ ልምጣ። እህትሽን ኋላ ቀር አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ተሳስቷል። ለብዙ ፈረንጅ ጋኔን ማለት የሃሎዊን ልብስ ነው። ለእህትሽ ግን እንደዚያ አይደለም። እኛ አገር ጠበል ቦታ ሄዶ የታመመ ሰው ሲጮህ ያልሰማ፣ ዛር ያለባት ጎረቤት ያላወቀ ሰው ጥቂት ነው። ዛር ደግሞ የሚጠራው በምንድን ነው? በከበሮ፣ በጭብጨባና በዘፈን። ቡናና ሽቶም አለበት። እህትሽ ልጆች ተሰብስበው ስለ ጋኔን ሲዘፍኑ ስትሰማ አእምሮዋ የሄደው ወደዚያ ነው። ፍርሃቷ ካደገችበት ያመጣችው ነው፤ ያንቺን ቤት ለመጠበቅም ነው የተነሳችው። እንዲህ የሚሰማት ሰው እሷ ብቻ አይደለችም። በ2025 እንግሊዝ፣ ፑል ከተማ ያለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የዚህን ፊልም ዘፈኖች ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይዘፍኑ ወላጆችን ጠይቋል። ምክንያቱ የእናንተ ቤት ምክንያት ነው፤ በአጋንንት ስም መቀለድ የሚያስጨንቃቸው ክርስቲያን ቤተሰቦች ነበሩ። በዚህ ቅር የተሰኙ ወላጆችም ነበሩ።

ግን ፊልሙን ስታዪ አንድ ነገር ታስተውያለሽ። እዚያ ዘፈኑ ጋኔን አይጠራም። ያባርራል። ታሪኩ ሲጀመር የሚታዩት፣ አጋንንትን የሚዋጉት የጥንት ሴቶች ሙዳንግ ከሚባሉት የኮሪያ ሴቶች የተቀዱ ናቸው። ሙዳንጎች በዜማና በውዝዋዜ ክፉ መንፈስ ያባርራሉ ተብሎ የሚታመንባቸው ናቸው። እህትሽ ይህን ስትሰማ «ያው ጠንቋይ ነዋ» ልትል ትችላለች፤ እንደ እምነቷ ስህተት አይደለም። እኔ የማስበው ግን ዳዊትን ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ላይ፣ ዳዊት በገና ሲደረድር ክፉው መንፈስ ከሳኦል ይርቅ ነበር። ዜማ ክፉን ያርቃል የሚለው ሐሳብ ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

ልዩነቱንም መሸፋፈን የለብንም። በፊልሙ ውስጥ እግዚአብሔር የለም። ጸሎት የለም። ኃይሉ የሚመጣው ከዘፋኞቹና ከአድናቂዎቻቸው ነው። ይህን ለልጅሽ በግልጽ ንገሪያት። «እነሱ እንዲህ ያምናሉ፣ ተረታቸው ነው። እኛ ቤት ደግሞ የሚጠብቀን ማን ነው?» በይያት። ሰንበት ትምህርት ቤት የምትሄድ ከሆነ ካንቺ ቀድማ ትመልስልሻለች። የ9 ዓመት ልጅ ተረትን ከእምነት መለየት ትችላለች፤ የሚያስፈልጋት ጠያቂ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን አብረሻት ሁኚ። አንደኛው ሳጃ ቦይስ መጨረሻ አካባቢ «ዩር አይደል» («ጣዖትሽ» እንደማለት ነው) የሚለውን ዘፈን የሚዘፍኑበት ነው። እዚያ ወንዶቹ ማንነታቸው ይገለጣል። ሕዝቡ ፈዝዞ፣ በእግሩ ሄዶ ነበልባል ሆኖ ለሚታየው ለአጋንንቱ አለቃ ራሱን ይሰጣል። ዜማው ልብ ስለሚይዝ ልጆች ከጥሩዎቹ ዘፈኖች ጋር ደባልቀው ይዘፍኑታል። ከእህትሽ ስጋት ጋር በጣም የሚቀራረበው ይህ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ ራሱ የሚያወግዘው ነው። ሰው ዝነኛን እንደ አምላክ ሲያየው ምን እንደሚሆን ነው የሚያሳየው። አንዲት ክርስቲያን እናት ለልጇ ልትነግራት የምትፈልገውን ነገር የኮሪያ ካርቱን አስቀድሞ ነግሯታል። ፊልሙን አቁሚና «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ብለሽ ጠይቂያት።

ሁለተኛው ይከብዳል። ሩሚ ምስጢሯ ሲወጣ ወደ ሰሊን ትሮጣለች። ሰይፏን ትሰጣትና እንድትገድላት ትለምናታለች። ሰሊን አታደርገውም፤ ግን ዓይኗን አንስታ ልታያትም አትችልም። ዛሬም እንድትሸፍነው ነው የምትነግራት። ለዚህ ነው ለ5 ዓመት ልጅ ፊልሙን የማላሳየው። የአሜሪካ ደረጃው ፒጂ ነው፤ ወላጅ ጠጋ ይበል ማለት ነው። ጠጋ በይ።

ፊልሙን የወደዱ ሰዎችም ቢሆኑ በሁሉም ነገር አይስማሙም። ብዙ ተመልካች ዘፈኖቹንና የሦስቱን ሴቶች ጓደኝነት ያደንቃል። መጨረሻው ተጣደፈ የሚሉ አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ከዚያ ከባድ ትዕይንት በኋላ ሰሊን ከታሪኩ ትጠፋለች። ያሳደገቻትና የጎዳቻት ሴት ከሩሚ ጋር ሳትታረቅ ፊልሙ ያልቃል። የጂኑም ነገር ቶሎ ነው የሚያልፈው። ከ400 ዓመት በፊት ደሃ ነበር፤ ለቤተ መንግሥት ምቾት ብሎ እናቱንና እህቱን ጥሎ ሄዷል። የአጋንንቱ አለቃ ግዊ-ማ የሚገዛው በዚህ ጥፋቱ ነው። ጆሮው ላይ ያንሾካሹክበታል፣ ያሳፍረዋል። ይህን ያህል የጠለቀ ነገር አምጥተው በጥቂት ደቂቃ መቋጨታቸው ያስቆጫል። ለአንቺ ግን ይህ ጉድለት ይጠቅምሻል። ልጅሽን «ሩሚና ሰሊን ቢገናኙ ምን የሚባባሉ ይመስልሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሷን አዳምጪ። አታርሚያት።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይኸውልሽ። በእኔ ቤት ቢሆን የ9 ዓመት ልጅ አብራኝ ተቀምጣ ታየዋለች። ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ግን አይደለም። ዘፈኑንም ትዝፈን። የሩሚን የዘፈን ድምፅ የሰጠችው ኢጄ የምትባል ዘፋኝ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ለዓመታት አንድ የኮሪያ ሙዚቃ ድርጅት ውስጥ ሠልጥና መድረክ ሳትወጣ ቀርታ ነበር። «ጎልደን»ን ከጻፉት አንዷ እሷ ናት። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል። በጾም ጊዜ ዘፈን የማይከፈትበት ቤት ከሆነ ደግሞ ይህም እንደ ሌላው ዘፈን ይጹም። ለብቻው አዲስ ሕግ አታውጪለት።

አይተሽው ልብሽ እምቢ ካለ ይከልከል። እናት ነሽ፤ መብትሽ ነው። ግን እምቢታው ካንቺ ይምጣ። «አክስትሽ ስለተቆጣች» አትበያት፤ አክስቷን ጠልታ ታድጋለች። «አየሁት። ይህ ቦታ ለዕድሜሽ ከበደኝ። 11 ዓመት ሲሞላሽ እንደገና አብረን እናያለን» በያት። እናቷ ጊዜ ሰጥታ እንዳየችላት የምታውቅ ልጅ ብታኮርፍም ይገባታል።

ስለ ታብሌቱ ግን ፊልሙን እስክታዪ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጪ። ታብሌቱን አትንኪው። «ያን ቀን አክስትሽ በሰው ፊት ስለተቆጣችሽ ከፍቶኛል። ያኔ ልቆምልሽ ይገባኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። ከእኔ የምትደብቂው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ፊልሙን ላየው ነው» በያት። ከዚያ ከሦስቱ የትኛዋን እንደምትወድ ጠይቂያት። ስለ አንዷ ለብዙ ደቂቃ ልታወራሽ ትችላለች። ታውራ። ምክር ያን ማታ ምንም አትጨምሪ።

ባለቤትሽንም ለብቻው አናግሪው። «ምን ያካብዳል» ማለቱ ልጅቷን የረዳ መስሎታል። አንቺን ግን በእህትሽና በልጅሽ መካከል ብቻሽን ትቶሻል። ፊልሙ ቀላል ነው ካለ አብሯችሁ ተቀምጦ ይየው፤ ሲጠየቅም መልስ ይኑረው።

የእህትሽ ነገር ይቀላል ብዬ አልዋሽሽም። ያሳደገችሽ ሴት ናት፤ በስልክ አይሆንም። በቴክስትም አይሆንም። ፊልሙን ካየሽ በኋላ ቤቷ ሂጂ። ልጅሽን ለዚያ ቀን አትውሰጃት። ክርክሩን ለማሸነፍ አትሂጂ፤ «አየሽ፣ አጋንንት የለበትም» ብለሽ አትጀምሪ፤ አለበትና። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «እትዬ፣ ስለ ልጄ ተጨንቀሽ እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። አንቺ ስላልሽኝ ተቀምጬ ሙሉውን አየሁት። የምትፈሪው ነገር የቱ ጋ እንዳለም አየሁ፤ ከእሷ ጋር ተነጋግረንበታል። አንቺ ቤት ስትመጣ አትዘፍነውም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። የሚያስቆጣሽ ነገር ስታይ ለእኔ ንገሪኝ እንጂ በሰው ፊት አትቆጪያት። አንቺን ስለምትወድሽ ነው እንዲያ ያለቀሰችው።»

እህትሽ ወዲያው እሺ ላትል ትችላለች። ትንሽ ታኮርፍ ይሆናል። ፊልሙን እዪው ብለሽ አትጫኛት፤ ማየት ካልፈለገች የእሷ ፈንታ ነው። እሷ ቤት የእሷ ሕግ ይከበር፤ ልጅሽም ያን ትማር። አንቺ ቤት ደግሞ የአንቺና የባለቤትሽ ሕግ ነው። የእህትሽ ልጅም የአክስቷን ልጅ ይዛ ከእናቷ ጋር እንድትከራከርልሽ አትፍቀጂ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ታሪኩንም በደንብ ገብቷታል፤ ግን የ16 ዓመት ልጅ ያንቺን ሥራ መሥራት የለባትም።

ቀጣዩ የቤተ ዘመድ ቀን ሲመጣ ሰው ከመግባቱ በፊት ልጅሽን አናግሪያት። አክስቷን በር ላይ ወጥታ ትሳማት። መዝፈን ከፈለጉ ልጆቹ ፎቅ ላይ ይዝፈኑ፣ ሳሎኑ ለትልልቆቹ ይሁን። ቡናውን በጊዜ ጀምሪው።